ሳይጠጣ የማያጠጣ መኪና



አዲስ የውኃ ፓምፕ በወንዝ ዳር በተተከለ ጊዜ የሚደረገው ሥርዓት በሁላችንም ዘንድ የታወቀ ነው። ዳስ ይጣላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ጥብጣብ ይዘረጋል፤ የክብር እንግዳው ጥብጣቡን ከቈረጠ በኋላም አንድ ሰው የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ይጫንና፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ውኃው ይወጣበታል የተባለውን የቧንቧ አፍ ትክ ብሎ ይመለከታል። ውኃው ከመጣ እልልታው ይቀልጣል፤ ሳይመጣ ከቀረ ግን ሞተሩ ያለ ፍሬ እየጮኸ፣ መካኒኩ ላቡን እየጠረገ፣ እንግዳውም ሰዓቱን እየተመለከተ የሚያልፈው ጊዜ ለጠላት እንኳ የሚመኙት አይደለም። እኔ እንደማምነው እንዲህ ያለው የጥብጣብ ቀን ለፓምፑ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ሊሆን ከቶ አይገባውም፤ የመኪናው ዕድሜ የሚወሰነው ማብሪያው ከመነካቱ አስቀድሞ፣ ማንም ሳያጨበጭብ በሚያልፉት ቀናት ነውና። የዚህም ምክንያት በመኪናው ብረት ውስጥ ሳይሆን በነፋስና በውኃ ባሕርይ ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ፣ እንደኛ በደጋ ላይ በሚኖር ሕዝብ ላይም ከባሕር ጠረፉ ሰው ይልቅ ስለሚጸና፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳችሁ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ሴንትሪፉጋል ፓምፕ የምንለው መኪና አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ቀፎ በሚባለው የብረት አካል ውስጥ ክንፎች ያሉት መንኰራኵር፣ መካኒኮቻችን ኢምፔለር የሚሉት፣ በዘንግ ላይ ተሰክቶ ይሽከረከራል፤ ውኃው በመንኰራኵሩ እምብርት ይገባና በክንፎቹ ተገፍቶ ወደ ዳር ይወረወራል፤ ቀፎው እየሰፋ የሚሄድ ጠመዝማዛ መንገድ ስላለው፣ ውኃው በዚያ ሲያልፍ ፍጥነቱ ወደ ግፊት ተለውጦ በማውጫው ቧንቧ ሽቅብ ይሄዳል። ይህን ሐሳብ ፈረንሳዊው ሊቅ ዴኒ ፓፔን በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ቀጥ ባሉ ክንፎች ሠርቶ አሳየ፤ እንግሊዛዊው ጆን አፖልድ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ክንፎቹን ቆልምሞ ያቀረበው ፓምፕ፣ ከተሰጠው ኃይል ውስጥ 68 ከመቶ ያህሉን ለውኃው በማድረሱ የተመልካቹን ሁሉ ዓይን ሳበ። ከዚያ ወዲህ የመኪናው ብረትና ልክ ብዙ ተሻሽሏል፤ ዛሬ የምነግራችሁ ጠባዩ ግን ከፓፔን ዘመን ጀምሮ ንክች አላለም።

ብዙ ሰው ፓምፕ ውኃን ከታች ይስባል ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን ፓምፕ አይስብም። ሾፌር ከበርሜል ቤንዚን ለመቅዳት የጎማ ቱቦ በአፉ ሲመጥ ያየ ሰው፣ ቤንዚኑን አፉ እንደ ሳበው ይመስለዋል፤ አፉ የሠራው ሥራ ግን በጎማው ውስጥ የነበረውን አየር ማጉደል ብቻ ነው፤ ቤንዚኑን ወደ ላይ የገፋው በበርሜሉ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ክብደት ነው። ፓምፕም እንዲሁ በመንኰራኵሩ እምብርት ላይ ግፊትን ያጐድላል፤ ወንዙን ወደዚያ ጐዶሎ የሚገፋው ግን ከወንዙ በላይ እስከ ጠፈር የቆመው አየር ነው።

ይህ ነገር ለአውሮፓ ሊቃውንትም ቶሎ አልተገለጠላቸውም። ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሌዎ በ1638 በውይይት መልክ ጽፎ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ የጉድጓዱ ፓምፕ ውኃ እንቢ ባለው ጊዜ ተበላሽቷል ብሎ ባለሙያ እንዳስጠራ፣ ባለሙያውም ጉድለቱ ከፓምፑ ሳይሆን ከውኃው መራቅ እንደ ሆነ፣ ከ18 ክንድ በላይም ማንኛውም የመምጠጫ ፓምፕ ውኃን ጠጕር ታህል እንኳ ከፍ ሊያደርግ እንደማይችል እንደ ነገረው ይተርካል። ልብ በሉ፤ ወሰኑን በሥራው ያወቀው ሠራተኛው ነበር፤ ሊቃውንቱ የቀራቸው ምክንያቱን መፈለግ ነበር። ምክንያቱን ያገኘው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው፤ በ1643 አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ ሞልቶ በባዜቃ ሳህን ላይ ቢገለብጠው፣ ባዜቃው 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ፤ የአየር ክብደት የሚሸከመው ይህን ያህል ባዜቃ፣ ወይም በውኃ ቢለካ 10 ሜትር ከ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ እንደ ሆነ ታወቀ። አምስት ዓመት ቆይቶም ፈረንሳዊው ሊቅ ፓስካል የእኅቱን ባል ፔሪዬን ይህንኑ መሣሪያ አስይዞ ፒዊ ደ ዶም በሚባለው የፈረንሳይ ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገው፤ በተራራው ጫፍ ላይ ባዜቃው ከግርጌው ከነበረበት ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወደ ላይ በወጡ ቍጥር ከራስ በላይ ያለው አየር እያነሰ፣ ክብደቱም እየቀለለ መሄዱ በዚህ ተረጋገጠ።

እንግዲህ እኛን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ፒዊ ደ ዶም ከባሕር ወለል 1465 ሜትር ቢሆን ነው፤ አዲስ አበባ ግን በ2350 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ፈረንጅ ለምርምር የወጣውን ተራራ እኛ ለዕለት ኑሯችን አልፈነው እንኖራለን ማለት ነው። በባሕር ጠረፍ 10 ሜትር ከ33 የነበረው የአየር ኃይል በአዲስ አበባ ወደ 7 ሜትር ከ75 ይወርዳል፤ በደብረ ብርሃን 7 ሜትር ከ30 ያህል ነው፤ ሸንኮራ አገዳው በፓምፕ ከአዋሽ የሚጠጣበት ወንጂ 8 ሜትር ከ60 ሲያገኝ፣ በባሮ ዳር ያለችው ጋምቤላ ደግሞ 9 ሜትር ከ70 ገደማ ታገኛለች። ውኃ በአዲስ አበባ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ከዚህ ድምር ላይ ተቀናሾች አሉ። ውኃው ራሱ በእንፋሎቱ ጥቂት ይወስዳል፤ በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ በፍትጊያ ይቀነሳል፤ ዋናው ግን ፋብሪካው በፓምፑ መጽሐፍ ላይ ኤን.ፒ.ኤስ.ኤች. ብሎ የሚጽፈው፣ ውኃው በመንኰራኵሩ ደጃፍ ላይ ሳይፈላ እንዲገባ ግድ የሚያስፈልገው የግፊት መጠን ነው። ይህ መጠን 3 ሜትር የሆነለትን አንድ ፓምፕ በምሳሌ እንውሰድ፤ ለፍትጊያው 1 ሜትር፣ ለእንፋሎቱ ሩብ ሜትር፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ግማሽ ሜትር እንተውለት። በባሕር ጠረፍ ይህ ፓምፕ ከውኃው ፊት 5 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፤ በአዲስ አበባ ግን 3 ሜትር ላይ ይቆማል። በሌላ አገር የታተመውን ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ በጎጃም ወይም በሸዋ ደጋ ላይ ፓምፕ የሚተክል መሐንዲስ፣ የ2 ሜትር ተኩል ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይጀምራል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው መንኰራኵሩ ነው። ውኃው በክንፎቹ ሥር ሳይሞቅ ይፈላና፣ አረፋው ከፍ ያለ ግፊት ወዳለበት ሲደርስ ተሰብሮ ብረቱን ይመታዋል፤ በቀፎው ውስጥ ጠጠር የገባ የሚያስመስል ድምፅ ይሰማል፤ ክንፎቹም ጊዜ ሲያልፍ ነቀዝ እንደ በላው እንጨት ተቦርቡረው ይገኛሉ።

ከፍታውን አስተካክለን ተከልነው እንበል። አሁንም ፓምፑ ውስጡ በአየር የተሞላ ነው፤ እዚህ ላይ የንግግሬ ዋና ነጥብ ይመጣል። አባቶቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርት እሳት፣ ነፋስ፣ ውኃና መሬት ብለው ከቈጠሯቸው ከአራቱ ባሕርያት ውስጥ፣ በዚህ መኪና ውስጥ ሁለቱ አብረው ማደር አይችሉም። መንኰራኵሩ የሚወረውረው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ነገር ከፍታ ሲለካ የሚያደርስበት ቁመት አንድ ነው፤ 30 ሜትር ውኃ ለማንሣት የተሠራ ፓምፕ ውስጡ አየር ብቻ ሆኖ ቢሽከረከር፣ የ30 ሜትር ከፍታ ያለው አየር የሚያህል ግፊት ይሠራል። የአዲስ አበባ አየር ግን ከውኃ 1100 ጊዜ ያህል ስለሚቀል፣ ያ ሁሉ ግፊት በውኃ ሲመነዘር 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ወንዙ 3 ሜትር ከታች ሆኖ ሳለ ፓምፑ 3 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ኃይል ይዞ ቢጮኽ ቢያጓራ ውኃ ከየት ያመጣል? ሌሊቱን ሁሉ ቢዞርም አንዲት ጠብታ አያነሣም። ይህ ብቻ ቢሆን የመብራቱ ኪሣራ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን የዘንጉ ማሸጊያና በጠባብ ክፍተት የሚሽከረከሩት ቀለበቶች የሚቀዘቅዙትና የሚለሰልሱት በውኃው ስለ ሆነ፣ በደረቁ ሲዞሩ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ፣ ይነክሳሉ። ሜካኒካል ሲል የሚባለው ዓይነት ማሸጊያማ ያለ ውኃ ለጥቂት ሰኮንዶች ቢዞር ሊሰነጠቅ ይችላል። እንግዲህ ይህ መኪና አስቀድሞ ሳይጠጣ ሌላውን የሚያጠጣ አይደለም፤ መጠጣቱም ቀፎውና የመምጠጫው ቧንቧ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ በውኃ ተሞልተው አየሩ ፈጽሞ ሲወጣ ነው።

ወደ ዝግጅቱ ሥራ ስገባ፣ ስለ መሠረቱ ብዙ አልናገርም። የአርማታው ክብደት ከፓምፑና ከሞተሩ ድምር ቢያንስ ሦስት እጥፍ እንዲሆን፣ ጥንካሬውን እስኪያገኝም 28 ቀን እንዲጠበቅ ግንበኛው ያውቃል፤ ጐዶሎው ዕውቀቱ ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። የብረት መደቡ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ብሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ በሲሚንቶ ይሞላል፤ ሲደርቅም በመዶሻ ቀስ ብሎ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ እንዳይኖር ይመረመራል።

ቧንቧው ላይ ግን ልቆይ። በመጀመሪያ ደረጃ ቧንቧው ተለክቶ ወደ ፓምፑ ይመጣል እንጂ ፓምፑ ወደ ቧንቧው አይጐተትም። የቧንቧውና የፓምፑ መጋጠሚያ ከንፈሮች፣ ፍላንጆቹ፣ ሳይገናኙ ቀርተው በብሎን ኃይል ሲሳሳቡ ያየ ሁሉ፣ ያ ኃይል ከዚያ በኋላ የትም እንዳልሄደ፣ ቀፎውን እያጣመመ ዘንጉን ከተሸካሚው ከኩሽኔታው ጋር እያጣላ እንደሚኖር ይወቅ። ፈተናው ቀላል ነው፤ የፍላንጁን ብሎኖች ፍቱና ቧንቧው ወዲያው ፈንጠር ካለ ሥራው ገና አላለቀም። የቧንቧው ክብደትም በራሱ ምሰሶ ላይ ይቀመጥ፤ ፓምፕ ቧንቧ ተሸካሚ ሆኖ አልተሠራም።

የመምጠጫው ቧንቧ ከሁሉ ይበልጥ ተንኰለኛ ነው። ከወንዙ እስከ ፓምፑ ድረስ ሳያቋርጥ በመጠኑ ሽቅብ ማዘንበል አለበት፤ በመካከሉ አንዲት ጉብታ ብትኖር አየር በዚያች ጉብታ ውስጥ ይሸሸግና ምንም ያህል ውኃ ብታፈሱ አይወጣም። ቧንቧው ሰፊ ሆኖ የፓምፑ አፍ ጠባብ በሚሆንበት ጊዜ የሚገባው ማጥበቢያም የላይኛው ጐኑ ቀጥ ያለው፣ የታችኛው ብቻ የሚያዘነብለው ዓይነት ይሁን፤ ከሁለቱም ወገን እኩል የሚጠበው ዓይነት ከላይ የአየር ኪስ ይሠራልና። የቧንቧ መታጠፊያው፣ ጎሚቶ የሚባለው፣ በፓምፑ አፍ ላይ ተለጥፎ መግባት የለበትም፤ ውኃው ተረጋግቶ ወደ መንኰራኵሩ እንዲገባ ከቧንቧው ስፋት ቢያንስ አምስት እጥፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ቧንቧ በመካከል ይተው።

ስለ ቧንቧው መጋጠሚያ የምናገረው ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ነው። በማውጫው ቧንቧ ላይ ቀዳዳ ቢኖር ውኃ ይንጠባጠባልና ሕፃን እንኳ ያየዋል፤ በመምጠጫው ቧንቧ ላይ ያለች ቀዳዳ ግን ምንም አታንጠባጥብም፤ በዚያ ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ስለሚያንስ ቀዳዳዋ አየሩን ወደ ውስጥ ትወስዳለች እንጂ ውኃውን ወደ ውጭ አትሰጥም። ቧንቧው ደረቅ ሆኖ ይታያል፣ ባለሙያውም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል፤ ፓምፑ ግን ጥቂት ውኃ ይሰጥና ይተዋል፣ እንደገና ይሰጥና ይተዋል። ስለዚህ ከማስነሣት በፊት መምጠጫው በውኃ ተሞልቶ በመጠነኛ ግፊት ይፈተን፤ የሚያንጠባጥበው መጋጠሚያ ያን ጊዜ ይታወቃል። ፓምፑ በሥራ ላይ ሳለ ጥርጣሬ ቢነሣ ደግሞ፣ የሚቃጠል ነገር በሌለበት ቦታ ጧፍ አብርቶ በየፍላንጁ ዙሪያ ማሳለፍ ነው፤ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ባዘነበለበት ቦታ በፍላንጆቹ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተበላሽቷል። ከድንጋይና ከጭቃ ጋር የሚታገለው ሠራተኛ ቧንቧ ሲዘረጋ ውስጡ ምን እንደ ቀረ የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ስለ ሆነም፣ መስመሩ በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ከዚያም በኋላ በፓምፑ አፍ ፊት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ የሚያገለግል ወንፊት ይግባ። የብየዳ ቅሪት፣ የተረሳ ጨርቅ፣ የግንበኛ ስንጥር፣ ይህ ሁሉ የሚገኘው በዚያ ነው።

የፓምፑንና የሞተሩን ዘንግ የሚያጋጥመው ካፕሊንግ ጎማ ስላለው ብቻ መጣመምን ይችላል የሚል ስሕተት በየሥራ ቦታው ተስፋፍቷል። ጎማው ድንገተኛውን ምት ያበርዳል እንጂ ጥመትን አያቃናም። ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መሥመር ላይ መሆናቸው በዳያል ጌጅ ይለካ፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ እጅ ባይበልጥ መልካም ነው። ፋብሪካው አስተካክሎ ልኮታል የሚለውን ምስክርነት አትቀበሉ፤ መኪናው በመርከብና በካሚዮን ተንገላቶ መጥቷልና። ልኬቱም ቧንቧው ከመታሰሩ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከታሰረ በኋላ ሌላ ጊዜ ይደረግ፤ በሁለቱ መካከል ለውጥ ከታየ ወንጀለኛው ቧንቧው ነው።

ካፕሊንጉ ገና ሳይታሰር ሞተሩ ለቅጽበት ያህል ይነካና የሚዞርበት አቅጣጫ በቀፎው ላይ ከተቀረጸው ቀስት ጋር ይተያይ። ሦስት ፌዝ በሆነ መብራት ከሽቦዎቹ ሁለቱ ቢቀያየሩ አቅጣጫው ይገለበጣል። ይህ ቀላል ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ወደ ኋላ የሚዞር ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ውኃ ወደ ወንዙ የሚመልስ ይመስላልና። አይመልስም፤ በማውጫው በኩል ደካማ ውኃ መስጠቱን ይቀጥላል፤ ባለቤቱም ፓምፑ አንሶ ተገዝቶብኛል እያለ ነጋዴውን ሲከስ ይኖራል። መንኰራኵሩ በዘንጉ ላይ በጥርስ የተጠመዘዘ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ሲዞር ተፈትቶ ከቀፎው ጋር ይጋጫል።

ዘይትና ግራሶውን በአጭሩ ልለፍ። ለዘይት ኩሽኔታ በመስታወቱ ላይ ያለው ምልክት ይጠበቅ፤ ግራሶ የሚቀባው ኩሽኔታ ግን ቤቱ ጢም ተደርጎ ሲሞላ ይግላል፤ ከቤቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃዋል። በዘንጉ ዙሪያ የሚጠመጠመው ፓኪንግ የሚጠብቀው በጣት ኃይል ያህል ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ጠብታ ሲያይ ያፍርና ዳዶውን አጥብቆ ያደርቀዋል። ያ ጠብታ ሀብት ነው፤ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጠብታ የሚያህል ውኃ ካልወጣ ፓኪንጉ ይቃጠላል፣ ዘንጉም ይበላል። በመጨረሻም ካፕሊንጉ ታስሮ፣ መከለያው ከመግባቱ በፊት፣ ዘንጉ በእጅ ይዙር፤ ያለ መንጓጓትና ያለ መንከስ መዞሩን የሰው እጅ ከማንኛውም መለኪያ ቀድሞ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ማጠጣቱ እንምጣ። ከሁሉ የሚሻለው ውኃው ከፓምፑ በላይ ተቀምጦ በክብደቱ ሲገባ ነው። ከፍታ ያለው ውኃ ባለጸጋ ነውና፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ባመጣ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ የተደነቀበት ሽቅብ መውጣት የተፈጸመው ያለ ፓምፕ፣ በምንጩ ከፍታ ብቻ ነበር። ፓምፑ ከገንዳ በታች ከተቀመጠ እንግዲህ የመምጠጫውን ቫልቭ ሙሉ ለሙሉ መክፈት፣ በቀፎው ጫፍ ላይ ያለችውንም የአየር ማውጫ ብሎን ማላላት ነው። በመጀመሪያ አየር ያፏጫል፣ ቀጥሎ ውኃና አየር ተቀላቅለው ይተፋሉ፤ አረፋ የሌለበት ጥሩ ውኃ ሳያቋርጥ እስኪፈስ ድረስ ብሎኗ አትዘጋ። ዘንጉን በዚህ ጊዜ ጥቂት በእጅ ማዞር በክንፎቹ መካከል የተያዘውን አየር ያስለቅቃል።

ፓምፑ ከወንዙ በላይ ከሆነ፣ እንደ አብዛኛው የመስኖ ፓምፓችን፣ በመምጠጫው ቧንቧ ጫፍ ላይ ውኃ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የማያሳልፍ ፉት ቫልቭ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ በቀፎው አናት ባለው መሙያ ውኃ በማንቆርቆሪያ ወይም ከሌላ መስመር በመጣ ጎማ ይፈስሳል፤ የአየር ማውጫዋ ክፍት ትሁን፤ ውኃው በሞላ ጊዜም አትቸኵሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ቆማችሁ ውኃው በመሙያው አፍ ላይ መውረድ አለመውረዱን እዩ። እየወረደ ከሄደ ፉት ቫልቩ ላይ ቅጠል ወይም ጠጠር ተቀርቅሯል፤ ወይም መጋጠሚያው ውኃ ያፈስሳል። በዚህ ሁኔታ እያለ ቶሎ አስነሥተን እንሞክረው የሚል ሰው ሲገኝ፣ እባካችሁ ማብሪያውን ቆልፋችሁ ቁልፉን በኪሳችሁ ያዙ። ትልልቅ ፓምፖች ግን በማንቆርቆሪያ አይሞሉም፤ አየሩ በቫኩም ፓምፕ ወይም በኢጀክተር ከአናቱ እየተሳበ፣ ከላይ የጠቀስኩት የአየር ክብደት ራሱ ወንዙን ወደ ቀፎው እንዲገፋው ይደረጋል። ፉት ቫልቩ ከውኃው ፊት በታች በበቂ ጥልቀት መጥለቅ አለበት፤ ካልሆነ በላዩ አዙሪት ተሠርቶ የተባረረውን አየር ይመልሰዋል። በክረምት ሞልቶ የተለካው አዋሽ በበጋ የት እንደሚደርስ ከመትከል በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ያ ልክ በሠንጠረዥ ላይ የለም።

ፓምፑ ጠጥቷል። የመምጠጫው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፤ ይህን ቫልቭ ውኃ ለመቀነስ ብሎ ማጥበብ ከቶ አይፈቀድም፤ የደጋው አየር ያጐደለውን እኛ ደግሞ እንጨምርበታለንና። የማውጫው ቫልቭ ግን ተዘግቷል፤ ወይም በጥቂቱ ብቻ ተከፍቷል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ውኃ በማያሳልፍበት ጊዜ የሚፈልገው ኃይል ከሁሉ ያነሰ ስለ ሆነ፣ ሞተሩ ሳይጨናነቅ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ ይደርሳል፤ ባዶው የማውጫ መስመርም ቀስ ብሎ ይሞላል። ውኃን በዘንጉ አቅጣጫ የሚገፋው የፕሮፔለር ዓይነት ፓምፕ ግን ግብሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እርሱን ዘግቶ ማስነሣት ሞተር ማቃጠል ይሆናል።

ሞተሩ ተነሣ፤ የግፊት መለኪያው፣ የማኖሜትሩ፣ ቀስት ወጥቶ ጸና፤ ያን ጊዜ የማውጫው ቫልቭ ቀስ በቀስ ይከፈት፤ ዓይን ከአምፔር መለኪያው አይነሣ፤ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ቍጥር በላይ ከሄደ መክፈቱ ይቁም። ቫልቩ ተዘግቶ ከጥቂት ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ፤ ኃይሉ ሁሉ በቀፎው ውስጥ ባለችው ጥቂት ውኃ ላይ ስለሚያርፍ ውኃው ይሞቃል፣ እስከ መፍላትም ይደርሳል። ቀስቱ ከፍ ብሎ ሲወዛወዝና ሲወድቅ ካያችሁት አየር አልወጣም፤ ወዲያው አጥፉ፣ እንደገና አጠጡ። ማጥፋት ውርደት አይደለም፤ ፓምፕ የሚጠፋው ባለሙያው ሰው እያየኝ ነው ብሎ ያላጠፋው ጊዜ ነው። ስለዚህም የመጀመሪያውን ማስነሣት ከሁለት ሦስት ባለሙያ በቀር ማንም በሌለበት አድርጉት እላለሁ።

ለማቆምም ሥርዓት አለው፤ ማውጫው ቀስ ብሎ ተዘግቶ ሞተሩ ይጥፋ፤ በድንገት የቆመ ረዥም የውኃ ዓምድ ወደ ኋላ ተመልሶ ቧንቧውን በመዶሻ እንደሚመታ ያህል ያናጋዋልና።

የመጀመሪያው ሰዓት ሥራ ሲያልቅ የኩሽኔታው ሙቀት ይታይ፤ 80 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ሙቀት ብረትን ስለሚያረዝም ካፕሊንጉ መኪናው እንደ ሞቀ ዳግመኛ ይለካ። የመምጠጫውና የማውጫው ግፊት፣ አምፔሩ፣ የኩሽኔታው ሙቀት፣ የፓኪንጉ ጠብታ፣ የወንዙም ከፍታ በዚያች ዕለት በመዝገብ ይጻፍ፤ የዚያ ቀን ቍጥር ከሌለ የዛሬ ዓመት ፓምፑ ደከመ ለሚል ሰው ከምን ወዲህ እንደ ደከመ የሚነግረው የለም። ጊዜያዊው ወንፊትም መስመሩ መጥራቱ ሲታወቅ መውጣት አለበት፤ እስከ ዓመት ተረስቶ የቀረ ስንት አለ። የመምጠጫው መለኪያ በመጀመሪያው ቀን ከተጻፈው እየወረደ ከሄደ፣ የወንዙም ከፍታ ካልተለወጠ፣ መንኰራኵሩን ለመፍታት ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ያን ወንፊት አውጥታችሁ እዩት።